አፉ የተሸፈነው ስድስተኛው

አዲስ ፕላስቲክ ከካርቶኑ ሲወጣ የሚሸተው ሽታ ሌላውን ሰው ምን እንደሚያስታውሰው አላውቅም፤ እኔን ግን የእናቴን ቤት ያስታውሰኛል። ባለፈው ዓመት ልጄ ከባሕር ዳር የውሃ ማጣሪያ ይዞልኝ መጥቶ፣ ካርቶኑን በቢላዋ ቀድዶ ዕቃውን ሲያወጣው፣ ያ ሽታ ቤቱን ሞላውና፣ ጸጉሯ የሸበተው ሴትዮ መሆኔ ቀርቶ የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ሙሉ ሆኜ፣ ፍኖተ ሰላም፣ በእናቴ የእንጨት ሳጥን ላይ ያጎነበስኩ መሰለኝ። ልጄ «እማ፣ ምነው ፊትሽ ጠቆረ?» ሲለኝ «ምሳዬ አልተስማማኝም» አልኩት። መዋሸት ድሮም አይከብደኝም፤ የማወራውም ስለዚሁ ነው።

አባታችን የሞተው እኔ ጡት ሳልጥል ስለነበረ፣ ቤታችን የቆመው በሁለት ሰው ትከሻ ላይ ነበር፤ በእናቴና ከእኔ ዐሥር ዓመት በሚበልጠው ወንድሜ በይበልጣል። እናቴ የሰው ልብስ ታጥብ ነበር፤ ይበልጣል ደግሞ ዐሥረኛ ክፍልን ሳይጨርስ አቋርጦ ወፍጮ ቤት ገብቶ፣ ጠዋት ጥቁር ሆኖ ወጥቶ ማታ በዱቄት ነጭ ሆኖ ይመለስ ነበር። ዱቄቱ ሳንባው እንዳይገባ አፍና አፍንጫውን በጨርቅ ጠፍንጎ ስለሚውል፣ ሲፈታው ከዓይኑ በታች ያለው ፊቱ ብቻ የሰው መልክ ኖሮት ይታይ ነበር፤ እኔም በር ላይ ጠብቄ ጨርቁን ራሴ ካልፈታሁለት ራት አልበላም ነበር።

ዘጠኝ ዓመት በሞላኝ በጋ እናቴ የምታጥብላቸው ፈረንጆች ነበሩ። የውሃ ጉድጓድ ለማስቆፈር መጥተው ሁለት ዓመት ከኖሩ በኋላ፣ ግንቦት ላይ ዝናቡ ሳይጀምር ጓዛቸውን ጠቅልለው ሲሄዱ፣ ሚስትየዋ ለእናቴ ሁለት አንሶላ፣ አንድ ድስትና አንድ ያልተከፈተ ካርቶን ሰጠቻት። ካርቶኑን ለልጇ ከአገሯ ልከውላት ኖሯል፤ ልጁ ግን አድጌያለሁ ብሎ ንቆት ነው አሉ። ፊቱ እንደ መስኮት በሚያሳይ ፕላስቲክ የተሸፈነ ነበር፤ ከውስጡ ጣት የሚያህሉ ስድስት ሰዎች፣ ሰዎችም ማለት ካስኬደ፣ እያንዳንዳቸው በየጎድጓዳቸው ተኝተው ነበር። ከበላያቸው ጥቁር ሰማይ፣ ከዋክብትና እሳት የሚተፋ መርከብ ተስሎበታል። ይበልጣል በጥቂት እንግሊዝኛው ጽሑፉን ፈትቶ፣ በሰማይ ላይ ስለሚዋጉ ሰዎች የተሠራ ፊልም እንዳለና እነዚህም የፊልሙ ሰዎች እንደሆኑ ነገረን። ፊልሙን በከተማችን ያየ አንድም ሰው አልነበረም።

እናቴ ካርቶኑን ከሳጥኗ ውስጥ፣ ከአንሶላዎቹ በላይ አስቀመጠችው። እንድትከፍትልኝ ለምኜ፣ አልቅሼ፣ አኩርፌ አልሆነም። «ይሄ ለሰው የሚሆን ነገር ነው፤ የተከፈተ ዕቃ ይዤ የማን ደጅ እቆማለሁ?» ትለኝ ነበር። እሷ እንደዚያ ነበረች፤ ከእጇ የገባ መልካም ነገር ሁሉ ለክፉ ቀን፣ ለባለሥልጣን ደጅ የሚጠበቅ እንጂ ለቤት የሚሆን አይመስላትም ነበር። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነብኝ። በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ካርቶኑን አውጥታ በመስኮቱ በኩል ብቻ እንድናያቸው ትፈቅድልን ነበር።

ክረምቱ ገብቶ እሑዶቹ ዝናባማ ሲሆኑ፣ ይበልጣል ከዚያች ካርቶን ቴአትር ፈጠረ። ብሔራዊ ውትድርና የሚሉት ነገር ከመጣ ወዲህ ጎረምሶች ተሰልፈው ሲመረመሩ፣ ሐኪሙ ጥርስ ሲያይ፣ ጉልበት ሲያጥፍ፣ ጸሐፊው ሲጽፍ ከተማው ሁሉ አይቷል፤ እሱም ካርቶኑን ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ ቀለም የጨረሰ እስክሪብቶ ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ስድስቱን ለምልመላ ያቀርባቸው ነበር።

«ተራ ቁጥር አንድ!» ይል ነበር ቀይ ካባ የደረበውን ረጅሙን እያመለከተ። «ካባው ያምራል፤ ጉልበቱ ግን አይታጠፍም። ጉልበቱ የማይታጠፍ ሰው ስብሰባ ከመምራት በቀር ለምንም አይሆንም፤ ሊቀመንበር ይሁን።»

«ልጅ ይበልጣል! ግድግዳ ጆሮ አለው» ትል ነበር እናቴ፤ ግን በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ስትስቅ አያት ነበር።

ሁለተኛውን፣ ብረት ለበስ የሆነውን፣ የወፍጮው ሞተር ነው፣ ነዳጅ ሲያልቅበት ይቆማል ብሎ ይጥለዋል። ሦስተኛዋን፣ ብርማ ጸጉሯን በትና መሣሪያዋን ሽቅብ የያዘችውን፣ ጭልፊት ጫጩቷን የወሰደባት እትዬ ደብሬ ናት ይላል፤ እትዬ ደብሬ አጥር የምንጋራት ጎረቤታችንና የእናቴ ብቸኛ ወዳጅ ነበረች፤ አንዳንዴም እዚያው ከእኛ ጋር ቁጭ ብላ እየሰማች እሷው ትስቅ ነበር። አራት እጅ ያለው አረንጓዴው ለጤፍ አጨዳ ወደር የለውም፣ ቀለቡ ግን የሁለት ሰው ነው። ጢማሙ ሽማግሌ መሪጌታ ስለሚመስል ዕድሜው አልፏል፣ ወደ ቤቱ ይመለስ። ከዚያ ስድስተኛው ይቀራል፤ ከሁሉ ያነሰ፣ እስከ እግሩ ነጭ የለበሰ፣ አፍና አፍንጫው በግራጫ ነገር የተሸፈነ፣ ዓይኖቹ ብቻ የሚታዩ።

«ይሄስ?» እለው ነበር፣ መልሱን እያወቅሁት።

«ይሄማ እኔ ነኝ! ከወፍጮ ቤት ስመጣ አላወቅሽኝም?» ይልና ድምፁን አጎርንኖ ይጨርሳል። «ብቁ ነው። ነገር ግን የእናቱ አንድ ወንድ ስለሆነ ይለፈው ተብሏል።»

ይህን ሲል እናቴ ሁልጊዜ «አሜን» ትል ነበር፤ እኔም እል ነበር።

በዚያው ክረምት እናቴ ለጥቂት ሳምንት ቡሬ ገጠር፣ አክስቴ ዘንድ ሰደደችኝ። የአክስቴ ባል የአገው ሰው ነበር፤ ልጆቹ በሁለት ቋንቋ ይሰድቡኝ ነበር፤ ግን ጥሩ ልጆች ነበሩ። ከእነሱ የጭቃ በሬ መሥራት ተማርኩ። በሬው ሲደርቅ አንገቱ እየተሰበረ ስላስቸገረኝ፣ ትልቁ ልጅ ረጅም የግራር እሾህ ከራሱ እስከ ደረቱ ሰክቶ አሳየኝ፤ ከዚያ በኋላ የኔ በሬዎች አንገት አንድም ቀን አልወደቀም። ያን ጥበብ ይዤ ባልመለስ ኖሮ እያልኩ ስንት ጊዜ እንዳሰብኩ እግዚአብሔር ይቁጠረው።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ፍኖተ ሰላም ስመለስ ቤቱ በአንድ ወሬ ተጨንቆ ጠበቀኝ። አዲስ ዙር ምልመላ መጥቷል፤ የተመረጡት ስም የሚጠራው ከመስከረሙ የአብዮት በዓል በኋላ ነው፤ ማን ይገባል ማን ይቀራል የሚለው ደግሞ በቀበሌያችን ሊቀመንበር እጅ ነው። ሊቀመንበሩ ድምፀ መረዋ ሰው ነበር፤ ስብሰባ ላይ አምላክ የለም፣ መንፈስ የለም፣ ያለው ቁስ ብቻ ነው እያለ ሲያስተምር ድምፁ ላህ ወንዝ ድረስ ይሰማል ይባል ነበር። እናቴ ሦስት ቀን ደጅ ጠንታ «የምጦረው በእሱ ነው፤ አንድ ነው» ብትለው፣ «እናያለን» ብቻ ብሏታል። «እናያለን» ማለት ባዶ እጅሽን አትምጪ ማለት እንደሆነ ለእናቴ የሚነግራት ሰው አላስፈለጋትም። ሊቀመንበሩ ትንንሽ ልጆች አሉት። እንቁጣጣሽም ደርሷል። ሳጥኗን ከፍታ ካርቶኑን አወጣች፣ በነጭ ጨርቅ ጠቀለለችው፣ በክርም አሰረችው።

እኔ ያን ጊዜ ስለ ምልመላ የማውቀው ይበልጣል በእሑድ ያሳየንን ብቻ ነበር። የገባኝ ነገር አንድ ነበር፤ እናቴ ይበልጣልን ጠቅልላ ለሊቀመንበሩ ልትሰጥ ነው። ቀይ ካባውንም፣ ባለ አራት እጁንም ይውሰዱ፤ ነጩ ግን እሱ ነው፣ ራሱ ነግሮኛል። እንዴት አድርጌ አሳልፌ እሰጠዋለሁ?

ስለዚህ እናቴ ላህ ወንዝ ልብስ ልታጥብ በወረደችበት ቀን ጭቃ አቡክቼ፣ ጣት የምታህል ሰው ሠራሁ። አንገቱ እንዳይወድቅ እሾህ ሰካሁበት። ነጭ እንዲሆን ከይበልጣል ልብስ ያራገፍኩትን ዱቄት ቀባሁት። ቀበቶ እንዲኖረው ጥቁር ክር ወገቡ ላይ ደጋግሜ አዞርኩ። በመጨረሻ ይበልጣል አፉን ከሚጠፍንግበት ጨርቅ ጫፍ ትንሽ ቀድጄ፣ የጭቃውን ሰው አፍ ግጥም አድርጌ አሰርኩለት፤ ማሰሪያውንም እንዳይፈታ ሦስት ጊዜ ቋጠርኩት። በምድጃው ዳር አድርቄው በማግስቱ እናቴ ስትወጣ ጥቅሉን ፈታሁ፣ የካርቶኑን ታች ከፈትኩ፤ ያ ሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ አፍንጫዬ የገባው ያን ቀን ነው። ነጩን ሰው አውጥቼ የጭቃውን በጎድጓዳው አስተኛሁት፣ ታቹን በሊጥ አጣበቅሁት፣ እንደነበረ አድርጌ ጠቀለልኩት። እውነቱን ልናገር፤ በሥራዬ ኮርቼ ነበር።

እናቴ በጥቅሉ ዙሪያ ስልከሰከስ ስላየችኝ፣ ይህች ልጅ ትከፍተዋለች ብላ ጠርጥራ፣ ቀሪውን አንድ ቀን እትዬ ደብሬ ቤት አሳደረችው። ጥርጣሬዋ አንድ ቀን ዘግይቶ ነበር።

በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ይዛኝ ሄደች። የሊቀመንበሩ ሚስት ወይዘሮ አስናቀች ጥቅሉን በሁለት እጇ ተቀብላ፣ «ምነው ተቸገርሽ» ብላ፣ ሳታየው ወደ ጓዳ አስገባችው። እንግዳ ያመጣውን በፊቱ መክፈት ነውር ነው፤ ያን ቀን ብትከፍተው ኖሮ የልጅ ሥራ መሆኑ ከፊቴ ይነበብ ነበር፣ ሁላችንም እንስቅ ነበር፣ እኔም አንድ ሁለት ጥፊ ቀምሼ ነገሩ ያልቅ ነበር። እናቴ ግን በነጠላዋ እጇን ጠቅልላ፣ ሦስት ጊዜ እጅ ነስታ፣ በደስታ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

በአብዮት በዓል ሊቀመንበሩ መድረክ ላይ ወጣ። ዝናቡ ገና አላባራም፤ ሳምንቱን ሙሉ መፈክር ሲያስጮህ የሰነበተ ጉሮሮ ነው፤ «ጓዶች» ብሎ ጀምሮ ሁለተኛውን ቃል ሊል ሲሞክር ድምፁ እልም ብሎ ጠፋ። አፉ ይከፈታል፣ ምንም አይወጣም። ከሕዝቡ ኋላ አንድ ሰው ሳቀ። በኋላ ይበልጣል ማታ ቤት ሲገባ ያንን አስመስሎ አሳይቶን ሦስታችንም እንባችን እስኪወርድ ስቀናል። አብረን የሳቅነው የመጨረሻ ሳቅ ነው።

በማግስቱ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች እናቴን ሊጠሩ መጡ። እጇን ይዤ ተከተልኩ። ወይዘሮ አስናቀች ግቢዋ መሐል ቆማለች፤ ልጆቿ የከፈቱት ካርቶን መሬት ላይ ተጥሏል፤ የኔ ጭቃ ሰው ደግሞ በእጅ እንዳይነካ በእሳት መቆስቆሻ ብረት ጫፍ ተይዞ ከፊታችን ተዘርግቷል። ሊቀመንበሩ በረንዳው ላይ አንገቱን በፎጣ ጠቅልሎ ተቀምጦ ያያል፤ አይናገርም።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ወይዘሮ አስናቀች። «እሾህ በአንገቱ! ክር በወገቡ! አፉ ሦስት ቋጠሮ! የባሌን አፍ አሳስረሽ በዓሉ ላይ አዋረድሽው! የየትኛው ደብተራ ሥራ ነው? ተናገሪ!»

እናቴ ያን ነገር እያየች ቀለሟ ተለወጠ። እሷም እንደ ወይዘሮ አስናቀች ያየችው አፍ የታሰረ መተት ነው፤ ሌላ ነገር ልታይ አልቻለችም። ተንበርክካ መሬት ሳመች። «ሚካኤልን! ባየውም ባውቀውም ዓይኔ ይፍሰስ! እመቤቴ፣ እኔ ከፈረንጅ እንደተቀበልኩ ነው ያመጣሁልዎ!» ትል ነበር።

ነጩ ሰው በዚያች ሰዓት ወገቤ ላይ፣ መቀነቴ ውስጥ ነበር፤ ጠንካራ ራሱ ሆዴን ይወጋኝ ነበር። አውጥቼ «እኔ ነኝ የቀየርኩት፣ ይኸውላችሁ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ይህን ማለት አያቅታትም። ፈራሁ። ወይዘሮ አስናቀችን ሳይሆን የእናቴን ፊት ፈራሁ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም የሚለውን ራሷ ናት ያስተማረችኝ፤ ዝም አልኩ።

ሊቀመንበሩ ቁስ ብቻ ነው ያለው ሲል የኖረ ሰው ስለሆነ፣ አፌን አስረውኛል ብሎ በስብሰባ ሊከስ አይችልም። ክስም አላስፈለገውም። በሳምንቱ ስብሰባ ተጠርቶ፣ እሱ ድምፁ ገና ስላልተመለሰለት ዝርዝሩን ጸሐፊው አነበበው፤ መጀመሪያ የተነበበው ስም የይበልጣል ነበር።

የጫኗቸው መኪኖች ወደ ደብረ ማርቆስ ሲንቀሳቀሱ ከተማው ሁሉ መንገድ ዳር ወጥቶ ነበር። ነጩን ሰው በእጄ ጨብጬ፣ ሄጄ ልሰጠውና ጆሮው ላይ ሁሉን ልነግረው ወስኜ ነበር። ይበልጣል ከላይ ጎንበስ ብሎ ጉንጬን ይዞ፣ «እታለም፣ እማን እንዳታስቸግሪ። ስመለስ ካርቶኑን ቀድደን ነው የምንከፍተው፣ እሺ?» አለኝ። ካርቶኑ ለሊቀመንበሩ እንደተሰጠ፣ ወይዘሮ አስናቀችም ላህ ወንዝ ውስጥ እንዳስጣለችው እናቴ ደብቃው ነበርና አያውቅም። እናቴ ከጎኔ ነበረች፤ እጄን ብከፍት ታያለች። አልከፈትኩም። መኪናው ሲሄድ አቧራው ስለተነሣ የወፍጮ ቤት ጨርቁን ከኪሱ አውጥቶ አፉን ሸፈነ፤ ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ዓይኑን ብቻ ነው።

ጥቅምትና ኅዳር ከሰሜን ሁለት ደብዳቤ መጣ። ከዚያ በኋላ አልመጣም።

እናቴ ግን ጠላቷን አግኝታ ነበር። ካርቶኑ ከእጇ ወጥቶ ያደረው በአንድ ቤት ብቻ ነው። አንድ ቀን ጠዋት እትዬ ደብሬ እሳት ልትጭር ስትመጣ፣ «ቤቴን ያፈረስሽው አንቺ ነሽ!» ብላ በሰው ፊት በሯን ዘጋችባት። እትዬ ደብሬ በጊዮርጊስ ምላ፣ አልቅሳ፣ ሽማግሌ ልካ አልሆነም። ከማርያም ማኅበር አስወጣቻት፤ የመተተኛ ስም ወጣላት፣ ልጇን ሊያጭ የመጣ ሰውም ተመለሰ። ከዓመታት በኋላ እትዬ ደብሬ ስትሞት እናቴ፣ አጥር የሚጋሩ ጎረቤታሞች ሆነው፣ ለቀብሯ አልወጣችም። ለቀብር አለመውጣት በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። እኔ ወጥቻለሁ፤ ከሁሉ ጮክ ብዬ ያለቀስኩትም እኔ ነበርኩ፣ ሰዎቹም የሙሉ ልብ እንዴት ደግ ነው አሉ።

ትልቅ ሰው ሆኜ ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ። ስግደት ሰጡኝና «ስግደቱ ቀላሉ ነው ልጄ፤ ሄደሽ ለእናትሽ ንገሪያት» አሉኝ። ስግደቱን ፈጸምኩ። መንግሥት ተለወጠ፣ የተረፉት በእግራቸው ተመለሱ፣ እናቴ በየመኪና መናኸሪያው የሰው ፊት ስታይ ከረመች፤ ዛሬ እነግራታለሁ፣ ለፋሲካ እነግራታለሁ ስል፣ አንድ የሐምሌ ጠዋት ሳልነግራት አረፈች። እስከ መጨረሻው እሑድ በመጣ ቁጥር «ይለፈው ተብሎ ነበር እኮ፣ ያቺ ሴትዮ ባትኖር» ትል ነበር።

ባለፈው ዓመት፣ ያ የውሃ ማጣሪያ በተከፈተ ቀን ማታ፣ ልጄን በዘዴ ጠየቅሁት፤ እንዲህ ያለ ካርቶን፣ ስድስት ሰው ያለበት፣ ባለ አራት እጅ አረንጓዴ። ስልኩን ነካክቶ ብዙም ሳይቆይ «ይሄ ነው?» አለኝ። እሱ ነበር። ስልኩ ላይ በሚታየው ቪዲዮ አንድ ራሰ በራ ፈረንጅ፣ ጥርሱን እየፋቀ እንደሚያወራ ሰው ዘና ብሎ፣ ካርቶኑን ቀድዶ አንድ በአንድ እያወጣ ይገመግማቸዋል፤ ይበልጣል በእሑድ እንደሚያደርገው፣ ሳቅ የሌለበት ብቻ። ልጄ ይተረጉምልኛል። ቀይ ካባው ጉልበቱ ባይታጠፍም አሠራሩ ጥሩ ነው፤ ባለ አራት እጁ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ጢማሙ ቀለሙ ይለቃል።

«ስድስተኛውንስ ምን አለው?» አልኩ።

ልጄ መልሶ ሰማው። «ይሄ ቁጥር ለመሙላት የገባ ነው ይላል። ፊልሙ ላይም ስም የለውም፣ አንዴ ብቻ ከኋላ ታይቶ ይሞታል። ባይኖርም ማንም አይፈልገውም ነው የሚለው።»

ዛሬ ልጆች አሻንጉሊታቸውን በሰጪው ፊት ቀድደው ይከፍታሉ፣ ያልወደዱትን በዚያው ሰዓት አልወደድኩትም ይላሉ፤ እኛ ባለጌ ያልነው ነገር እነሱን ከስንት ነገር እንደሚያድናቸው አያውቁትም። እኔ ተነሥቼ መኝታ ቤቴ ገባሁ። ነጩ ሰው በእናቴ ሳጥን ውስጥ፣ በመቀነቴ እንደተጠቀለለ አለ፤ ፈትቼ አወጣሁት፤ ነጭነቱ ቀርቶ ቢጫ ሆኗል። ሳላየው ልጄ ተከትሎኝ ገብቶ ኖሮ ከትከሻዬ በላይ አየውና ጮኸ።

«እማ! ይሄ ያው ራሱ አይደለም እንዴ? ከየት አመጣሽው?»

ቤቱ ውስጥ የምፈራው ፊት አልነበረም። እናቴ ሞታለች፣ እትዬ ደብሬ ሞታለች፣ ሊቀመንበሩም የት እንደገባ የሚያውቅ የለም።

«ድሮ ላህ ወንዝ ዳር ወድቆ አግኝቼው ነው» አልኩት።